«በዚህ ሳምንት መች ሲሚንቶ መጣ?»

በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሳይት ላይ ታይም ኪፐር ነበርኩ። አቴንዳንስ እይዛለሁ፣ የቀን ሠራተኛውን ፔይሮል አዘጋጃለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከገንዘብ ያዧ ጋር ሆነን እንከፍላለን። ፔይሮሉ ላይ ለጉልበት ሠራተኛ ሁለት ሂሳብ ነበር። በቀን ለወንድ 220 ብር፣ ለሴት 180 ብር። ከዚያ በፊት በሠራሁባቸው ሳይቶችም ብሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

አንድ ቅዳሜ ባሬላ ላይ፣ ማለትም ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞት በሚሸከመው የሞርታር ማመላለሻ ላይ፣ የምትሠራ ልጅ ልትፈርም መጣች። ከሷ ቀድሞ የፈረመው አብሯት ባሬላ የሚይዘው ልጅ ነው። ጣቷን ከሱ ቁጥር ወደ ራሷ ቁጥር አወረደችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እህቴ፣ እኔና እሱ እኮ አንድ ባሬላ ነው የያዝነው።»

አፌን ሳልከፍት ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ከኋላዬ ገባበት። «እሱ ወንድ ነው። ሲሚንቶ ያወርዳል።»

«ሲሚንቶ የመጣ ቀን ይጨመርለታ ጋሼ! በዚህ ሳምንት መች ሲሚንቶ መጣ?»

ሰልፉ ሳቀ። ካቦው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ፈርመሽ ውሰጂ፤ ሰው አታስቁሚ» አላት። ፈረመች፣ ብሯን ሁለቴ ቆጠረች፣ ሄደች።

ይህ ንግግር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ምክንያቱም ልጅቷ ልክ ነበረች። ሲሚንቶ ሲመጣ የሚያወርዱት ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ ሂሳባቸውም በኩንታል ነው። የኛ ልጆች ካገዙ ደግሞ ለብቻው ይታሰብላቸዋል። ታዲያ ያ 40 ብር የምን ነው?

ባሬላውንም ሄጄ አየሁት። ከፊት የሚይዘው ልጁ ነው፣ ከኋላ እሷ። መዳፏ እንዳይላጥ እጀታውን በጨርቅ ጠምጥማዋለች። ሞርታር የሞላ ባሬላ ይዞ በመወጣጫው ወደ ላይ ለወጣ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ክብደቱ ወደ ኋለኛው ይመጣል። ከባዱን ጫፍ የያዘችው ባለ 180ዋ ነበረች።

ሰኞ ፕሮጀክት ማናጀሩ ጋ ገባሁ። አዳመጠኝ፣ ይህን አልክድም። መልሱ ግን አጭር ነበር፦ «ገበያው ነው። በ180 በር ላይ ተሰልፈው ለምን 220 እከፍላለሁ?» ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ነገርኩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በጾታ ማበላለጥን ይከለክላል አልኩት። «ተመሳሳይ ሥራ ካልሽማ አሳዪኝ» አለኝ።

ገበያ የሚለው ነገር ያናድደኛል። እዚህ አገር ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። በር ላይ የተሰለፈች ሴት ልጇን ጎረቤት ጥላ ነው የመጣችው። እምቢ ብላ የምትመለስበት ቤት ከሌላት፣ 180ን ተስማምታበት ነው ማለት ይከብደኛል።

ክርክሩ ግን ሁሌም እንደዚህ ቀላል አይደለም። ቢሮ ውስጥ እኔና አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በእርከን እኩል ነን። ወር ሲደርስ ግን እሱ ይበልጠኛል፤ ክፍለ ሀገር ሳይት የሚላከው እሱ ስለሆነ አበል አለው፣ የማታ ኦቨርታይምም አለው። ሕግ ተጣሰ ማለት አልችልም። ግን «ትሄጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ማናጀሩ አሳዪኝ ስላለኝ ፔይሮሉን በሥራ ዓይነት ከፋፍዬ አዘጋጀሁት። ባሬላ፣ ፌሮ ማቀበል፣ ውሃ ማጠጣት፣ ጽዳት። ወንድና ሴት የሚለው ቀረ። ባሬላ የያዘ ሁሉ 220። ማናጀሩ ፈረመበት፤ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ሳምንት አልሞላውም። ካቦው ሴቶቹን በሙሉ ከባሬላ አነሳቸው። ውሃ ማጠጣትና ጽዳት ላይ መደባቸው፤ እነዚህ ሥራዎች ደግሞ 180 ናቸው። ልጅቷ ባሊ አንጠልጥላ መጣች። «እህቴ፣ ባሬላዬን አስመልሺልኝ» አለችኝ። ክብደቱን ስጡኝ ብላ የምትለምን ሰው ፊት መቆም ከባድ ነው።

ውሃ ማጠጣት ቀላል ነው የሚሉ ሰዎች ደግሞ ይገርሙኛል። አርማታ ተሞልቶ ቢያንስ ለሰባት ቀን በደንብ ውሃ ካላገኘ ይሰነጣጠቃል፣ ጥንካሬውንም አያገኝም። በዚያ ፀሐይ ፎቅ ለፎቅ ባሊ የምታመላልስ ሴት የምትጠብቀው የሕንፃውን ጥንካሬ ነው። ኢትዮጵያ በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 የሚለውም እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ አይልም። ይህንንም ለማናጀሩ ነገርኩት። «አሁንስ አበዛሽው» አለኝ።

ከዚያ የሶሌታ፣ የፎቁ ወለል አርማታ፣ ሙሌት ቀን ደረሰ። ሙሌት ከተጀመረ አይቆምም፣ ሰው ደግሞ አነሰ። ካቦው ራሱ «ሴቶቹም ይግቡ!» ብሎ ጮኸ። ገቡ። እስከ ማታ ባሬላ ሲያመላልሱ ዋሉ፤ ጉልበታቸው ያነሰ ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ሁሉንም 220 ብዬ መዘገብኩ። «ሁሉንም?» አለኝ ካቦው። «ሁሉንም» አልኩት። በማግስቱ ወደ ባሊያቸው ተመለሱ።

ልጅቷ ብዙም ሳትቆይ ለቀቀች። ሌላ ሳይት ብሎኬት ወደ ፎቅ በቁጥር ታወጣ ጀመር። እዚያ የሚታሰበው በወጣው ብሎኬት ልክ ነው፤ ማን አወጣው አይባልም።

ቀጣዩ ሙሌት ሲደርስ ካቦው ስልኳ እኔ ጋ እንዳለ ያውቃል። «እስቲ ያቺን ጎበዝ ልጅ ጥሪልኝ» አለኝ። ደወልኩላት። «ለሙሌቱ ቀን ብቻ ነው ወይስ ከዚያ በኋላም ባሬላ ላይ ነኝ?» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ጠየቅኩት። ለሙሌቱ ብቻ ነው አለ። የሰማሁትን ነገርኳት፤ አልመጣችም።