ካምፐሩን የያዘው ላሜራ ነበር

«ከኋላ ይንኳኳል» ብሎ ጋራዥ የሚመጣ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሥር ነው። ወይ ጎሚኒ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ የሚገባው ጎማ) አልቋል፣ ወይ ሾክ አብዞርበር ደክሟል፣ ወይ የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ቅጠል ተሰብሯል። ስለዚህ እኚህ ደንበኛ ፒካፓቸውን ይዘው ሲመጡ ረዳታችን ወዲያው ከሥር ገባ።

ፒካፑ ላይ ካምፐር ተጭኗል። ተጎታቹን ማለቴ አይደለም። ካሶኒው (ከኋላ ያለው የጭነት ሳጥን) ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠውን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን፣ ሲፈለግ በአራት እግሮቹ ቆሞ መኪናው ከሥሩ የሚወጣለትን ዓይነት ነው። ሰውየው በማግስቱ ቤተሰብ ይዘው የተራራ መንገድ ሊወጡ ነው። «ኩርባ ላይ ቋ ይላል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ከጀርባዬ የሚገፋኝ ነገር አለ» አሉን። ይቺ ሁለተኛዋ ነገር አላማረችኝም። ያለቀ ጎሚኒ ይንኳኳል እንጂ ሰው አይገፋም።

ልጁ ከሥር ወጣና «ሁሉም ደህና ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ደህና ነበር። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ በካምፐሩና በስፖንዳው (በካሶኒው የጎን ግድግዳ) መካከል ባለችው ክፍተት ወደ ውስጥ አየሁ።

ካምፐሩ የታሰረው በአራት በጥርስ የሚወጠሩ የጭነት ቀበቶዎች ነው። መንጠቆዎቹ የገቡት ካሶኒው ውስጥ ከፋብሪካ የሚመጡት ትናንሽ ቀለበቶች ላይ ነው። የግራ ፊት ቀለበት ቡሎን የገባበት ቀዳዳ ተለጥጦ ሞላላ ሆኗል፣ ዙሪያው ላሜራ ተሰንጥቋል። የቀኝ ኋላው ቀበቶ ላልቶ መንጠቆው በጫፉ ብቻ ነው የያዘው። ወለሉ ላይ ለስላሳ የፕላስቲክ ንጣፍ አለ፤ እሱም ላይ ከኋላ ወደፊት የሄደ ረጅም ፍትጊያ ይታያል። የካሶኒው የፊት ግድግዳ ወደ ጋቢናው ጎብጧል። ሰውየውን ሲገፋቸው የነበረው ካምፐሩ ራሱ ነው። ፍሬን በያዙ ቁጥር እየተንሸራተተ ግድግዳውን ይመታ ነበር።

ረዳታችን ቀበቶውን በደንብ ልወጥረው ብሎ እጁን ሰደደ። ፎርማናችን «ተው፣ እንዳትነካው!» አለው። ልጁ ደነገጠ፤ እኔ ግን ፎርማኑ ለምን እንደጮኸ ገብቶኛል። የተሰነጠቀ ላሜራ ላይ ቀበቶ ስታጠብቅ ስንጥቁን ነው የምትስበው። ከላይ ሲታይ ጥብቅ ይላል፣ ሰውየውም ተረጋግተው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ ቀለበቱ ከነላሜራው ይነቀላል።

ደንበኛው አልተቀበሉንም መጀመሪያ። «ቀበቶው ላይ እኮ ስንት ኪሎ እንደሚችል ተጽፏል» አሉ። አዎ፣ ቀበቶው ይችላል። የማይችለው የታሰረበት ላሜራ ነው። እነዚያ ቀለበቶች የተሠሩት ሳጥን ወይም ሞተር ሳይክል ወለል ላይ እንዳይንቀሳቀስ ለመያዝ ነው። ካምፐር ደግሞ ከባድ ብቻ አይደለም፣ ረጅም ነው፣ ጎኑ ሰፊ ነው፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ኩርባ ላይ ከላይ ሆኖ ይወዛወዛል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከታች ያለችውን ቀለበት እንደ ሚስማር ነቃይ ይፈለቅቃታል። 1000 ኪሎ የሚመዝን ካምፐር ደረቅ አስፋልት ላይ ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ ወደፊት የሚገፋበት ኃይል እስከ 700 ኪሎ ክብደት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ ቀጭን ላሜራ ላይ መጣል አይሆንም።

ፎርማኑ ክርክሩን አላራዘመም። የሰውየውን እጅ ይዞ ጣታቸውን ስንጥቁ ላይ አስቀመጠላቸው። «ጋሼ፣ በዚህ ሁኔታ መኪናውን አላስወጣም። ልጆችዎ እኮ ናቸው የሚሳፈሩት» አላቸው። ትንሽ ዝም አሉና ጉዞውን ለማስተላለፍ ተስማሙ። እኔ ይሄንን ፎርማን የማከብረው ለዚህ ነው። ቀበቶውን አጥብቀን ብንሸኛቸው የሚቀየመን አልነበረም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ካምፐሩን በአራቱ እግሮቹ አንስተን መኪናውን ከሥሩ አወጣን። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ እግሮቹ በየተራ ትንሽ ትንሽ ነው የሚነሱት። አንዱ ጥግ ከሌላው ከፍ ካለ ክብደቱ ሁለት እግር ላይ ይወድቅና ይታጠፋሉ። መሬቱ ጠንካራና ደልዳላ መሆን አለበት፣ ካምፐሩ በእግሩ ቆሞ እያለ ደግሞ ማንም ከሥሩ አይገባም።

የፕላስቲክ ንጣፉን አውጥተን ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አነጠፍን። ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው ነገር ይሄ ነው፤ ለእኔ ግን ከማሰሪያው እኩል ነው። ጎማ ካምፐሩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ማሰሪያው ላይ የሚመጣውንም ጫና ይቀንሳል። በካምፐሩ ፊትና በካሶኒው ግድግዳ መካከል ደግሞ ጣውላ አስገባን። ክፍተት ከሌለ ተንደርድሮ የሚመታበት ቦታ አይኖርም።

ማሰሪያው ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናውን በሚሸከመው ዋና የብረት አጽም ላይ ሆነ። ለዚያው የመኪና ዓይነት የተሠሩ አራት ክንዶች አሉ፣ ሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰሩና ከካሶኒው ሥር ወደ ጎን ይወጣሉ። ከክንዱ እስከ ካምፐሩ ቀለበት ያለውን ተርንበክል የሚሉት፣ በመጠምዘዝ የሚያጥር ብረት ይይዘዋል። የፊቶቹ ወደፊት፣ የኋላዎቹ ወደኋላ ያዘነበሉ ሆኑ። ቀጥ ብለው ቢቆሙ ወደታች ብቻ ነው የሚይዙት፤ ሲያዘነብሉ ግን ካምፐሩ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይሄድ ይስቡታል።

ተርንበክሎቹ ስፕሪንግ ያላቸው ናቸው። ምክንያቱም ካሶኒውና ሻንሲው አንድ ብረት አይደሉም፤ ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ካሶኒውም ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ማሰሪያው ድርቅ ያለ ከሆነ ያ እንቅስቃሴ በቀጥታ ወደ ካምፐሩ ቀለበት ይሄዳል። ረዳታችን እዚህም እስኪጮህ ሊያጠብቅ ነበር፣ ወጣት ጉልበት ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ስፕሪንጉ ተጨምቆ ያልቅና እንደሌለ ይሆናል፣ የሚነቀለውም የካምፐሩ ቀለበት ነው።

እሱን ቀለበት ደግሞ ሳያዩ ማሰር አይገባም። ብዙ ካምፐሮች ውስጣቸው እንጨት ነው። በጥጉ ውሃ ከገባ ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ይበሰብሳል። የእሳቸውን በመፍቻ እጀታ እየቆረቆርን አዳመጥን፣ በጣትም ተጫንን። ደህና ነበር።

የመጨረሻው ሚዛን ነው። የሹፌሩ በር ላይ መኪናው ስንት ኪሎ እንደሚጭን ተጽፏል፤ በዚያ ውስጥ ካምፐሩ፣ ሰዎቹ፣ ጓዙና ውሃው ሁሉ ይቆጠራሉ። ሙሉ የ100 ሊትር ታንከር ብቻውን 100 ኪሎ ነው። ካምፐሩ ጎን ላይ የክብደቱን ማዕከል የሚያሳይ ምልክት አለ፣ እሱ ከኋላ አክስል (ጎማዎቹ ከተያዙበት ዘንግ) ትንሽ ወደፊት መዋል አለበት። ወደኋላ ካለፈ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪውም ይሰንፋል። ደንበኛው «የኋላውን ባሌስትራ ብታጠናክሩልኝስ?» ብለው ጠየቁ። ማጠናከር ይቻላል፣ መኪናውም ቀና ይላል፤ ግን በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በዚህ አይጨምርም። ጎማው፣ ፍሬኑና አክስሉ ያው ናቸው። የእሳቸው ልክ ውስጥ ነበር፣ ታንከሩን ግን ግማሽ ብቻ ሞልተው እንዲወጡ ተስማማን።

ሲሄዱ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው አራቱንም ተርንበክሎች በእጃቸው እንዲነኩ ነገርናቸው። የጎማው ምንጣፍ ሲጫን ይረግባል፣ ካምፐሩ ይደላደላል፣ መጀመሪያ የጠበቀው ይላላል። ከዚያ በኋላም ነዳጅ ለመቅዳት በቆሙ ቁጥር። ከጉዞ ሲመለሱ ለፍተሻ መጡ። መንኳኳቱ ጠፍቷል፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ምት የለም። ከአራቱ ተርንበክሎች የአንዱ መቆለፊያ ዳዶ ብቻ በንዝረት ትንሽ ተፈትቷል። ዳዶውን መልሰን አጠበቅነው፣ ረዳታችን ደግሞ ከዳዶው እስከ ብረቱ የምታልፍ ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር አሰመረባቸው። መስመሯ ከተዛነፈች ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፣ መፍቻ ሳያወጡ በዓይን ይታያል። ሐሳቡ የራሱ የልጁ ነው፤ አሁን ካምፐር ጭኖ የሚወጣ መኪና ሁሉ ላይ እናደርገዋለን።