ማሽኑን ከመግዛቴ በፊት ስኒዬን መለካት ነበረብኝ

ሥራ የምገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 12 ሰዓት ሳይሞላ ካልወጣሁ መንገዱ አይቀመስም። በዚያ ሌሊት ተነስቶ ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጀበና አፍልቶ፣ አስክኖ የሚጠጣ ሰው ካለ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። እኔ አልሆነልኝም። የቤታችን የጭስ አላርም ደግሞ ቡና መቁላትንና የእሳት አደጋን ለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል ቡናዬን መንገድ ላይ እየገዛሁ ጠጣሁ። በቀን ከ3 ዶላር በላይ። አንድ ቀን ባለቤቴ የባንክ ወረቀቱን እያገላበጠ "ኧረ አንቺ፣ እየከፈልን ያለነው የመኪናውን ነው የቡናውን?" አለኝ። አኮረፍኩ። ግን እውነቱን ነበር። በዚያው ሳምንት የካፕሱል ማሽን ይገዛ ተባለ።

ለማያውቅ ሰው፣ ካፕሱል ማለት ለአንድ መጠጫ የሚሆን የተፈጨ ቡና የታሸገባት ትንሽ ዕቃ ናት። ማሽኑ ውስጥ ትከቷታላችሁ፣ ትበሳለች፣ ሙቅ ውሃ በግፊት ያልፍባታል። ቡናው ይወርዳል። አለቀ።

የመጀመሪያውን ማሽን የገዛሁት ቅናሽ ስለነበረ ብቻ ነው። 60 ዶላር። እዚህ በየቢሮው የሚቀመጠው፣ ትልልቅ የፕላስቲክ ካፕሱል የሚወስደው ዓይነት። ቤት አምጥቼ ካውንተሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ልክክ አለ። ክዳኑን ልከፍት ስል ጓ! ከላይ ካለው ካቢኔት ጋር ተጋጨ። በዚህ አገር ካቢኔቱ ከካውንተሩ ብዙ ጊዜ 18 ኢንች ገደማ ከፍ ይላል፤ የእኛ አሮጌ ቤት ከዚያም ያንሳል። ሳጥኑ ላይ ያነበብኩት ቁመት ለካ የተዘጋው ማሽን ቁመት ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ወደፊት መጎተት፣ ሲያልቅ ወደኋላ መግፋት ሆነ።

ይሄ ቀላሉ ነው። የባሰው ቡናው ነበር። የማሽኑ ትንሿ ቁልፍ 6 አውንስ ትላለች። ከረከቦቱ ላይ አንድ ስኒ አንስቼ ከሥሩ አስቀመጥኩና ተጫንኩ። ስኒዋ ሞላች። ፈሰሰች። ማሽኑ እቴ፣ ማን ሊያቆመው! ካውንተሩ ቡና በቡና ሆነ። በማግስቱ በትልቅ ኩባያ ቀዳሁና ቀመስኩት። በረካ እንኳ ከዚህ ይወፍራል።

በማሽኑ አልፈርድም። የተሠራለትን ነው የሠራው። ሥራ ቦታ አብራኝ የምትውል አሜሪካዊት እንዲህ ያለውን ቡና በትልቅ ኩባያ ይዛ ቀኑን ሙሉ ስትጎነጭ ትውላለች፤ ደስተኛ ናት። እኔ ያደግሁት በስኒ ነው። ማሽኑን ለእሷ ሸጥኩላት። በ40 ዶላር።

ሁለተኛውን ዙር ከስኒው ጀመርኩ። የዱቄት መለኪያዬን አውጥቼ ስኒዬን በውሃ ሞልቼ ለካኋት። 80 ሚሊ ሊትር ያህል ትይዛለች። 6 አውንስ ደግሞ ወደ 180 ሚሊ ሊትር ነው። የስኒዬ እጥፍ አልፎ! ይህን ሁሉ ውሃ 10 ግራም ገደማ ቡና ላይ ካፈሰሱበት ምን ይጠበቃል? ይቺን የሁለት ደቂቃ ሥራ አስቀድሜ ብሠራት ኖሮ 20 ዶላሬም ካውንተሬም ይተርፉ ነበር።

ከዚያ ስለ ትንንሾቹ ካፕሱሎች ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤሪክ ፋቭር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ነው፤ ካፕሱሎቹን የሚሠራው ኔስፕሬሶ የሚባለው ድርጅት የተቋቋመው ደግሞ በ1986። የመጀመሪያው፣ ኦሪጅናል የሚሉት ትንሹ ካፕሱል 5 ግራም ገደማ ቡና ይይዛል። ኤስፕሬሶው 40 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሉንጎ የሚሉት ረዘም ያለው 110። አርባ ሲደመር አርባ ስንት ነው? ሰማንያ። ሁለት ኤስፕሬሶ በአንድ ስኒ! 10 ግራም ቡና በ80 ሚሊ ሊትር። እዚህ ላይ ሲደርስ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ሱቅ ስሄድ ሻጩ ሌላውን የኔስፕሬሶ ዓይነት፣ ቨርቱኦ የሚባለውን አሳየኝ። አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አሠራሩ ሌላ ነው፤ ካፕሱሉን በደቂቃ እስከ 7,000 ጊዜ እያሽከረከረ ነው ቡናውን የሚያወጣው። ካፕሱሉ ጠርዝ ላይ ባርኮድ አለ፤ ማሽኑ እሱን አንብቦ የውሃውን መጠን ራሱ ይወስናል። ከትንሽ ኤስፕሬሶ እስከ ትልቅ ኩባያ ይሠራል፤ አረፋውም ያምራል። ባለቤቴ ዓይኑ እዚያ ቀረ። እኔ ግን "ካፕሱሉን ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል?" ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ዞር ዞር አለ። የኦሪጅናሉ ካፕሱል መብት ካበቃ ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ በየሱፐርማርኬቱ ተስማሚ ካፕሱል የሚሸጥ አምራች ሞልቷል። የቨርቱኦው ምርጫ ግን ጠባብ ነው።

ይህን ጥያቄ የጠየቅሁት ጎበዝ ሆኜ አይደለም፤ አንብቤ ነው። ኬሪግ የሚባለው የካፕሱል ማሽን አምራች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው አዲስ ማሽን ፈቃድ የሌለውን ካፕሱል አልቀበልም ይል ነበር። ደንበኛው ተቆጣ። በዓመቱ ድርጅቱ ሰው የራሱን ቡና የሚሞላበትን ካፕሱል እንደሚመልስ አስታወቀ። ማሽን አንዴ ይገዛል፤ ካፕሱል ግን ዕድሜ ልክ ነው። ከካፕሱሉ ጋር ነው የምትጋቡት።

ሻጩ ስለ ኦሪጅናሉም "19 ባር ግፊት አለው" እያለ ሊያሳምነኝ ሞክሯል። 19 ባር ማለት ፓምፑ ሊደርስበት የሚችለው ነው። ኤስፕሬሶ በተለመደው አሠራር የሚወጣው 9 ባር አካባቢ ነው። በዚህ ቁጥር ተስባችሁ ተጨማሪ ብር እንዳታወጡ።

ሂሳቡን ደግሞ በኪሎ ሠራሁት። ያኔ አንዷ ትንሽ ካፕሱል 80 ሳንቲም ነበረች። አምስት አምስት ግራም ከሆነ ኪሎው 200 ካፕሱል ነው። 160 ዶላር! ሰፈራችን ያለው የሐበሻ ሱቅ የተቆላ ይርጋጨፌ ፓውንዱን በ16 ዶላር ይሸጣል፤ ኪሎው 35 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው "በ160 ዶላርማ ገበሬውን ራሱን እናስመጣው" አለ። ሱፐርማርኬት ያገኘኋት ተስማሚ ካፕሱል 45 ሳንቲም ናት፤ ኪሎው ወደ 90 ይወርዳል። እሱም ቢሆን ርካሽ አይባልም። ግን የማወዳድረው ከጀበና ጋር ሳይሆን መንገድ ላይ ከምገዛው ጋር ነበር። ለእኔ ሁለት፣ ለእሱ አንድ፣ በቀን 1 ዶላር ከ35።

ትንሹን፣ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያለውን የኦሪጅናል ማሽን ገዛሁ። ወተት የሚያርገበግብ ክፍል ያለው በእጥፍ ዋጋ ነበር፤ ተውኩት። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ማኪያቶ ናፋቂ ስለሆነ በ10 ዶላር በባትሪ የሚሠራ የእጅ ማርገብገቢያ ገዛሁለት። ወተቱን በትንሽ ድስት ያሞቃል፣ ያርገበግባል፣ በብርጭቆ ይቀዳዋል። ፒያሳ ነኝ ይላል። ይበል።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት ብዙውን በስህተት ነው። ቡናው ቀዝቀዝ ይልብኝ ነበር። ከጀበና የሚቀዳው ከንፈር ያቃጥላል፤ ይሄኛው ለብ ያለ መሰለኝ። መፍትሔው ማሽኑን መጀመሪያ ያለ ካፕሱል በባዶው ማስኬድ ነው። የሚወርደው ሙቅ ውሃ ስኒውንም ቱቦውንም ያሞቃል። ከዚያ ውሃውን ደፍቶ ካፕሱሉን መክተት። ስኒ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል።

ድምፁ ሌላ ጉዳይ ነው። ሱቅ ውስጥ ግርግር ስላለ አይታወቅም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ግን ካውንተሩ ላይ ያለውን ማንኪያ ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። ልጄ ሁለት ቀን ተነሳብኝ። ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አደረግሁበትና ጋብ አለ።

የሚሞላውን የብረት ካፕሱል የገዛሁት በኪሎው ሂሳብ ተናድጄ ነው። እማዬ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የላከችልኝ ቡና ነበር፣ ራሷ ቆልታ፣ በሙቀጫ የወቀጠችው። ሞላሁ፣ ጠቀጠቅሁ፣ ተጫንኩ። ማሽኑ አቃሰተ። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዝም። የሙቀጫ ቡና ድቃቁም ጉርዱም አንድ ላይ ነው፤ ለጀበና ችግር የለውም፣ አተላው ከታች ይሰክናል። ካፕሱል ውስጥ ግን ድቃቁ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሱቅ የተፈጨ ደግሞ ሻካራ ሆኖ ውሃው ሽው ብሎ አለፈ፤ ቀለም ያለው ውሃ ጠጣሁ። የሚስተካከል ወፍጮ ገዝቼ አራት አምስት ጊዜ ከሞከርኩ በኋላ ነው ልኩን ያገኘሁት። አሁን ሰንበት ማታ ለሳምንቱ ፈጭቼ አስቀምጣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሐሙስ በኋላ መሙላቱ ይሰለቸኝና ወደ ተገዛው እመለሳለሁ።

በስምንተኛው ወር ቡናው እንደ ክር ቀጠነ። ውሃ ማፍያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማሽኑም ውስጥ ተጋግሮ ነው። መብራቱ ሲያስጠነቅቀኝ ከርሞ እኔ አልሰማ ብዬ። ባለቤቴ እኔ ሳላውቅ አቼቶ አሳለፈበት። ሦስት ቀን ሙሉ ቡናው ሰላጣ ሰላጣ አለ። አሁን በየሦስት ወሩ ለዚሁ የሚሸጠውን የሲትሪክ አሲድ ፈሳሽ አሳልፍበታለሁ፤ ሽታ አይተውም።

ሕሊናዬን የሚቆረቁረኝ ቆሻሻው ነው። የጀርመኗ ሐምቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በመንግሥት ገንዘብ የካፕሱል ቡና እንዳይገዛ ከልክላለች። ኬ-ካፕ ከሚባለው የኬሪግ ካፕሱል ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጆን ሲልቫንም አንዳንዴ በመሥራቱ እንደሚከፋው ተናግሯል። የእኛዎቹ አሉሚኒየም ስለሆኑ አምራቹ በሚሰጠው ነፃ ከረጢት አጠራቅሜ እመልሳለሁ። ከረጢቱ ሲሞላ ግን ያስደነግጣል። ይሄን ሁሉ እኛ ነን የጠጣነው?

ከሁሉ የከፋውን ስህተት የሠራሁት በራሴ ቤት አይደለም። ማሽኑን ወድጄው ለእማዬም ልላክላት አልኩ። አንድ ተጨማሪ ገዝቼ ከ100 ካፕሱል ጋር ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። ታናሽ ወንድሜ የሶኬት መቀየሪያ ገዝቶ ሊሰካው ሲል ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ተመስገን! 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። የአዲስ አበባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። መቀየሪያው የሶኬቱን ቅርፅ እንጂ ኃይሉን አይለውጥም። ኃይሉን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ተፈለገ። ማሽኑ ከ1,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ ያንን የሚችለው ትራንስፎርመር ከማሽኑ ከራሱ ይከብዳል። ዋጋውም አይነሳ። ቢገኝስ፣ 100 ካፕሱሉ ሲያልቅ ማን ሊልክ ነው?

እማዬ ግን አልተከፋችም። በስልክ "ልጄ፣ ይሄ ነገር አይቆላ፣ አይወቅጥ፣ አያጨስ" አለችኝ። "ታዲያ ቡና መፍላቱን ጎረቤት በምን ያውቃል?"

ማሽኑ አሁን ሳሎን ቡፌው ላይ ነው፣ በዳንቴል ተሸፍኖ። እንግዳ ሲመጣ ገለጥ አድርጋ "ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ነው" እያለች ታሳያለች። መልሳ ትሸፍነዋለች። ከዚያ ጀበናዋን ትጥዳለች።