ኮፈኑ አልከፈት ሲል

ዘይት ልለካ ብዬ የአሮጊቷን መኪናዬን የኮፈን መክፈቻ ሳብኩ። እጀታው ዝም ብሎ መጣ። ያቺ «ጠቅ» የምትል ድምፅ የለችም። ካቦው፣ ማለትም እጀታውን ኮፈኑን ቆልፎ ከሚይዘው መንጠቆ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ፣ ተበጥሷል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ጓደኛዬን ጠራሁት። እሱ ኮፈኑን ከፊት በኩል ወደ ታች ጫን አደረገልኝ፣ እኔ ከውስጥ ሳብኩ። ኮፈኑ ሲጫን መንጠቆው ላይ ያለው ውጥረት ስለሚቀንስ ትንሽ ስበት ይበቃዋል። በሦስተኛው ተከፈተ። «እንዳትዘጋው!» ብዬ ጮህኩ፤ እጁን ሊሰድ ነበር።

እሱ እጀታውን ሲስብ እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካቦው ደህና ነው። ችግሩ ሽቦው የሚሮጥበት ቱቦ ነው። ቱቦው ባለበት ካልቆመ ሽቦው ምንም አይስብም። የቱቦው ጫፍ መንጠቆው አጠገብ ካለችው መያዣ ተላቋል። እጀታው በተሳበ ቁጥር ቱቦው ወደ መንጠቆው ይንሸራተታል፣ ስበቱም እዚያው ይቀራል።

በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥፍር አድርጌ አሰርኩትና ጎበዝ ነኝ አልኩ። ሁለት ቀን አልቆየም። ለካ ቱቦውን ከቦታው ያስወጣው የመንጠቆው ድርቀት ነበር። አቧራና አሮጌ ግራሶ ተጋግሮበት በጣቴ ስገፋው እንኳ አልመለስ አለኝ። አጥቤ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቼ፣ ሞላው በራሱ እስኪመልሰው ድረስ አንቀሳቀስኩት። ከዚህ መጀመር ነበረብኝ።

ከዚያ የሰፋችውን መያዣ በፒንሳ ጠበብ አደረግኳት። ቱቦው እንዳይሸሽ ከመያዣዋ ኋላ ትንሽ የብረት ማጥበቂያ ቀለበት አሰርኩበት። መጀመሪያ አጥብቄው ቱቦው ተጨፈለቀና ሽቦው ውስጡ ተያዘ። ግማሽ ዙር ሳላላው ተለቀቀ።

ኮፈኑን ግን ወዲያው አልዘጋሁም። ክፍት እንዳለ መንጠቆውን በካቻቢቴ ተጭኜ ቆለፍኩት፤ ኮፈኑ የተዘጋ መስሎት ማለት ነው። ከውስጥ ስስበው ጠቅ ብሎ ተለቀቀ። አሥር ጊዜ ያህል ደገምኩት። ዘግቼ ደግሞ በደንብ መያዙን ለማየት ከፊት ወደ ላይ ነቀነቅኩት። መንገድ ላይ ተነስቶ መስታወቱን ቢመታ አያድርስ ነው።

ለክፉ ቀን ብዬ ከመንጠቆው ቀጭን ሽቦ አስሬ ከፊት ፍርግርግ ጀርባ ደብቄያለሁ። ትክክለኛ ቦታውን ግን አልናገርም፤ ሌባም ያነባል።