ጥቅሉን አሳደግኩት፣ ነጩ ስክሪን ግን ያው ነው

የፍጥነት መለኪያው አፕ 40 ሜጋቢት በሰከንድ ሲለኝ ደስ አለኝ። የኢንተርኔት ጥቅሌን በእጥፍ ያሳደግኩት ለዚህ ነው። ወዲያው የራሴን ድረ ገጽ በስልኬ ከፈትኩ። ነጭ ስክሪን። ከላይ ያቺ ቀጭን መስመር ትንሽ ሄዳ ቆመች። መቁጠር ጀመርኩ። ጽሑፉ ብቅ ያለው አምስት ልል ስል ነው።

መጀመሪያ የወነጀልኩት ፎቶዎቹን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምስል ሳሳንስ ከረምኩ። ገጹ ከ1.5 ሜጋባይት ወደ 600 ኪሎባይት ወረደ። የሚበላው ዳታ ቀነሰ፣ እሱ አይከፋም። ነጩ ስክሪን ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት፤ ቀድሜ ማስላት ነበረብኝ። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 40 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 5 ሜጋባይት ነው። በዚህ ፍጥነት 600 ኪሎባይት የሰከንድ ስምንተኛ እንኳ አይፈጅም። ታዲያ የቀረው ጊዜ የት ገባ?

መልሱ እዚያው አፕ ላይ፣ ከትልቁ ቁጥር ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። ፒንግ፦ 300 ሚሊሰከንድ ገደማ። አንድ መልእክት ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው። ሌተንሲ፣ መዘግየት የሚሉት ይኸው ነው።

ስልክ ገጽ ሲከፍት ዝም ብሎ «ገጹን ላክልኝ» አይልም። መጀመሪያ የድረ ገጹን አድራሻ ከዲኤንኤስ፣ ከኢንተርኔቱ የአድራሻ ማውጫ፣ ይጠይቃል፤ አንድ ደርሶ መልስ። ከሰርቨሩ ጋር ቲሲፒ በሚባለው የግንኙነት ደንብ ይገናኛል፤ ሌላ አንድ። ከዚያ ግንኙነቱ ይመሰጠራል። የእኔ ሰርቨር ገና በድሮው የምስጠራ ደንብ፣ በቲኤልኤስ 1.2 ላይ ስለነበር ይህ ሁለት ይወስዳል። ገጹ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም አንድ። ድምሩ አምስት፣ አንድ ሰከንድ ተኩል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ከገጹ አንድ ፊደል አይመጣም፤ አብዛኛው ሰላምታ ብቻ ነው።

የእኔ ገጽ ደግሞ የማስዋቢያ ፋይሉን ከሌላ ዶሜይን (ከሌላ የድረ ገጽ አድራሻ)፣ የፊደሉን ቅርጽ (ፎንቱን) ከሦስተኛ ዶሜይን ነበር የሚያመጣው። ለእያንዳንዱ ሰላምታው ከሀ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ አንድ ሰከንድ ተኩል፣ አራት ተኩል። አቆጣጠሬ ልክ ነበር ለካ።

ስሌት ብቻ አላሳመነኝም፣ ልሞክረው አልኩ። በክሮም የገንቢ መሣሪያ ጀመርኩ፤ እሱ ግን የሚያዘገየው ጥያቄን እንጂ እያንዳንዱን ፓኬት (ዳታው ተቆራርጦ የሚጓዝበትን ቁራሽ) ስላልሆነ የሰላምታውን ዋጋ በትክክል አያሳይም። ስለዚህ ሊኑክስ ያለበትን ላፕቶፔን ሆትስፖት አደረግኩትና ስልኬን አገናኘሁት። ኔትኤም በሚባለው መሣሪያ የመስመሩን ስፋትም (በሰከንድ የሚያልፈውን ዳታ መጠን) መዘግየቱንም እንደፈለግኩ እቀያይር ጀመር።

20 ሜጋቢት ከ300 ሚሊሰከንድ ጋር፦ ያው ነጭ ስክሪን። ስፋቱን ወደ 40 ከፍ አደረግኩ። በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። አሁን ስፋቱን ወደ 2 ሜጋቢት ጣልኩትና መዘግየቱን 30 አደረግኩት። ጽሑፉ ወዲያው መጣ! ፎቶዎቹ ቀስ እያሉ ተከተሉ፤ እኔ ግን ማንበብ ጀምሬአለሁ።

ስፋት ሲጨመር ለምን ለውጥ አይመጣም? ሰርቨሩ መስመሩ ምን ያህል እንደሚችል አያውቅም። መጀመሪያ አሥር ፓኬት፣ ወደ 14 ኪሎባይት ገደማ ይልክና «ደረሰ» እስኪባል ይጠብቃል። ቀጥሎ እጥፉን፣ ከዚያ የዚያን እጥፍ። ሰፊው መስመር ገና ሳይሞላ ገጹ ያልቃል። ማይክ ቤልሺ የተባለ የጉግል መሐንዲስ በ2010 ይህንኑ ለክቶ ነበር፦ መስመሩን ከ5 ወደ 10 ሜጋቢት ማሳደግ የገጽ መክፈቻ ጊዜን የቀነሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መዘግየቱ በተቀነሰ ቁጥር ግን ጊዜው አብሮ ይወርዳል።

ያስተካከልኩት ብዙ አይደለም። ፎንቱንና የማስዋቢያ ፋይሉን ወደ ራሴ ዶሜይን አመጣሁ። ሰርቨሩን ወደ ቲኤልኤስ 1.3 አሳደግኩ፤ ከሁለቱ የምስጠራ ምልልሶች አንዱ ቀረ። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ፎቶ ላይ ያጠፋሁት ሁለት ሳምንት አሁንም ያንገበግበኛል።

ስፋት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ያንኑ ሙከራ ወደ ግማሽ ሜጋቢት ሳወርደው ነገሩ ተገለበጠ። 600 ኪሎባይት ወደ አሥር ሰከንድ ይጠጋል፤ ፒንጉ 30 ሆነ 300፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው የስፋቱ ማነስ ነው። ቪዲዮም ሌላ ነገር ነው። አንዴ ከጀመረ የሚፈልገው ስፋት ነው።

ስፋትና መዘግየት የሚጣሉበት ቦታም አለ። አንድ ቀን ፒንጉ 60 በሆነ መስመር ላይ ሁሉም ነገር ተንቀራፈፈብኝ። ለካ ስልኬ ከኋላ ፎቶዎቼን ወደ ክላውድ እየጫነ ነው። ጭነቱ መስመሩን ሞልቶ ፓኬቶቹ ወረፋ ይዘዋል፤ ፒንጉ ከአንድ ሰከንድ አልፏል። መለኪያው አፕ ፒንግን የለካው መስመሩ ባዶ እያለ ስለነበር ይህን አላሳየኝም። አሁን ኔት ሲጎተትብኝ መጀመሪያ የማየው ከኋላ ምን እየተጫነ እንደሆነ ነው።

ላፕቶፔ ላይ ያለውን 300 ሚሊሰከንድ አሁንም አላነሳሁትም። አዲስ ገጽ ስሠራ ሁሌም በእሱ በኩል ነው የምከፍተው። ባለፈው አንድ ጓደኛዬ በዚያው ሆትስፖት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ኔቱን ሲረግም ዋለ። የእኔ ሥራ መሆኑን እስካሁን አልነገርኩትም።