«ሥራዬስ?»

ጂማ፣ ማክሰኞ ማታ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ቡና ምዝገባችን ስለመግባቱ በዚህ ሳምንት ለሠራተኛው ይለጠፋል ከተባለው ማስታወቂያ ላይ «ዘመናዊ አሠራር ለመዘርጋት» የሚለውን ሰረዝኩት። የቡና መረከቢያ ደረሰኝ ስትመዘግብ የኖረች ሠራተኛ ይህን አንብባ የሚገባት «ልሰናበት ነው» የሚል ብቻ ነው። በምትኩ የገባው፦ «ከኅዳር 1 ጀምሮ ደረሰኙ በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ቁጥሩን ወደ ሠንጠረዥ ይገለብጣል፤ መዝጋቢዋ ከዋናው ጋር አመሳክራ ትፈርማለች። ያልተፈረመበት አይከፈልም።»

የክፍል ኃላፊዎች ከሠራተኛው ሁለት ቀን ቀድመው ይስሙ። ሰው ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ፣ ጥያቄውን የሚያወጣው ሻይ ላይ ለቅርብ አለቃው ነው። አለቃው «እኔም አሁን ከናንተ ጋር ነው የሰማሁት» ካለ፣ ወሬው ማታውኑ ሂርማታ ገበያ ይደርሳል። ስብሰባውም ከ8 እስከ 10 ሰው በሆነ ቡድን፣ ግማሹ ሰዓት ለጥያቄ፤ ስም ያልተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ከዋዜማው ይሰብሰብ። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ ለጫኝና አውራጅ ግን በቃል።

«ማንም አይቀነስም» የሚባለው ሥራ አስኪያጁ ከፈረመበት ብቻ ነው። አዋጅ 1156/2011 የሠራተኛ ቅነሳ ሲመጣ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከተወካይ ጋር መመካከርን ይጠይቃል፤ በአዳራሽ የተነገረ ማጽናኛ ያኔ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ያልተወሰነ ከሆነ «ጥር 15 እንነግራችኋለን» ይባል። ቀኑ ሲደርስ ውሳኔ ባይኖርም ቀርቦ ያንኑ መናገር ግድ ነው።

መሣሪያው ሲሳሳትም በሠራተኛው ፊት ይታይ። 5/2/2018 ለኛ ጥቅምት 5 ነው፤ እሱ ፌብሩዋሪ 5 ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ጠዋት 3 ሰዓት»ን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርገዋል። የካርቦኑ ሁለተኛ ቅጂ ከደበዘዘ 1 እና 7 ይምታታሉ፣ 11 ፈረሱላ 17 ፈረሱላ ሲሆን፣ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና ልዩነቱ 102 ኪሎ ነው! የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስህተቱ ሁሉ በአንድ ደብተር ይመዝገብ፤ ያገኘው ሰው ግን አይጠየቅበት፣ አለዚያ መደበቅ ይጀመራል።

በግል ስልካቸው ቻትጂፒቲ ከፍተው ደብዳቤ የሚያስጽፉ ዛሬም አሉ። ጭራሽ መከልከል ድብብቆሽ ነው የሚያመጣው። የደንበኛ የባንክ ሒሳብ፣ ስልክ ቁጥርና የውል ዋጋ እንዳይገባበት በግልጽ ይነገር፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ።

ከብጣሽ ወረቀት የሚወጣው ከባዱ ጥያቄ ግን ስለ መባረር ላይሆን ይችላል። ከኅዳር እስከ ጥር ጀንፈሉ (ከነገለባው የደረቀው ቡና) ከጎማና ከሊሙ ወረዳዎች ሲጎርፍ መዝጋቢዎቹ የሚያመሹት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው፤ የቤት ኪራይም የልጅ ትምህርትም ከዚያ ይሸፈናል። ምዝገባው ከወትሮው በግማሽ ጊዜ ካለቀ ያ ገንዘብ የለም። ረቂቁ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም። ነገ ከሒሳብ ክፍል ጋር ሳይወራበት አይለጠፍም።