ሱሉልታ ዳገት ላይ የምትፈላው ቪትዝ

ጋራዣችን ሱሉልታ መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ከአዲሱ ገበያ ዳገቱን ወጥተው እንፋሎት እየተፉ የሚደርሱ መኪኖች ለእኛ ብርቅ አይደሉም። የአንድ አባት ጉዳይ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሟት ገንዘብ አሮጌ ቪትዝ ገዝተው ኮንትራት ይሠሩባታል። መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገቱን ስትጀምር ትፈላለች። ሌላ ጋራዥ ወስደዋት ኖሮ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ ሳይጨረስ «ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት መሄድ አለበት» ብለዋቸዋል። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ።

«ልጄ፣ ሞተር ከሚወርድ ብሸጣት አይሻልም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አይቸኩሉ። መጀመሪያ እንያት» አልኳቸው።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። የዘይት መለኪያውን ስናወጣ ዘይቱ ጠቁሯል እንጂ ወተት አልመሰለም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ሞተሩን አስነሳን፤ ውሃው ውስጥ አረፋ አይንተከተክም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ ጭስም ሞተሩ ሲሞቅ ጠፋ። ጓርኒሲዮን የተቃጠለበት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ያሳያል። ከዚያ ክዳኑን መልሰን ዘግተን ሞተሩን አሞቅነውና በጨርቅ አድርጌ የራዲያተሩን የላይኛ ቱቦ ጨበጥኩት። ሞተሩ በደንብ ግሎ ሳለ ቱቦው ለስላሳ ነው። ግፊት ይዞ መደደር ነበረበት።

እንደገና ቀዝቅዞ ክዳኑን ገልብጠን ስናየው ሁሉም ነገር ተገለጠ። የላስቲክ ቀለበቱ ደርቆ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፤ መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ በዝገትና በኖራ ተጣብቃ አትነቃነቅም።

ረዳቴ «አንድ ክዳን መኪና ያፈላል እንዴ?» አለኝ። ያፈላል፤ በተለይ በእኛ አገር። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የእንጦጦን ወገብ እያቋረጠ ወደ ሱሉልታ የሚያልፈው ዳገት አናት ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባቄላ ሳይበስል የሚያስቸግረን በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪናዋ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፋን የሚነሳው ደግሞ 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የሚጻፈው የሚይዘው የግፊት መጠን ነው፤ ግፊቱን በትክክል ከያዘ ውሃው እዚህ ከፍታ ላይ እንኳ 110 ዲግሪን አልፎ ሳይፈላ ይቆያል። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው ያረጀ ክዳን ትንሽ ጊዜ ይታገሠው ይሆናል። እኛን አይታገሠንም።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን የቴርሞስታቱን ቤት ስንፈታ ባዶ ነው። አንድ ሰው «እንዳትሞቅ» ብሎ አውጥቶ ጥሎታል። ይህ ልማድ ከልብ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም መኪናዋን አይረዳትም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ስለሚያምን ነዳጅ ይጨምራል። ጋሼ ነዳጅ እየበላች አስቸገረችኝ ያሉት ለካ ከዚህ ነው። በዚያ ላይ የዚህች ቪትዝ ዳሽቦርድ የሙቀት መርፌ የለውም፤ ያለው ቀይ መብራት ነው፣ እሱ ሲበራ ደግሞ ጉዳቱ ደጃፍ ላይ ደርሷል።

ራዲያተሩን ስናፈስሰው እንደ ቀይ አፈር የቀላ ውሃ ወጣ። ዓመታት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት ኖሯል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት የሚከላከል ኩላንት ያስፈልገዋል። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ አጠብነው፤ ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሞላን። ጋሼን ወደ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ስሰዳቸው ያገለገለ ክዳን እንዳይገዙ አጥብቄ ነገርኳቸው፤ ላስቲኩ ምን ያህል እንደደከመ ሁልጊዜ በዓይን አይለይም። አዲስ ክዳንና ባለ 82 ዲግሪ ቴርሞስታት ይዘው መጡ። የሁለቱ ዋጋ ቴስታታ ለማውረድ ከሚጠየቀው ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ አብረን ዳገቱን ወጣናት፤ ጋሼ እየነዱ፣ እኔ ኮምፒውተር መመርመሪያ ሰክቼ ሙቀቱን እያየሁ። 88፣ 91፣ 94፤ ፋኑ ተነሳ፣ ቆመ፣ ደግሞ ተነሳ። አናት ላይ ቆመን ኮፈኑን ከፈትን። ቱቦው አሁን ደድሯል፣ የትም እንፋሎት አይወጣም፣ አይንጠባጠብም። ከውሃ ፓምፑ ሥር ብቻ ስስ የደረቀ የኩላንት ምልክት አየሁ። ለጋሼ አሳየኋቸውና በሚቀጥለው ሰርቪስ ፈትተን እንድናየው ተስማማን።