ላዚክስና የሚደነግጠው ኩላሊት፦ የ4ኛ ሳምንት ማስታወሻዬ

ባለፈው ሳምንት ስለ ላዚክስ፣ ስለሚያሸናው መድኃኒት፣ «ውኃ ያስወጣል፣ ግፊት ይወርዳል፣ አለቀ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያቺ «አለቀ» ሳምንቱን ሙሉ ስታስቀጣኝ ከረመች።

አክስቴ ለልብ ድካም ጠዋት ጠዋት ላዚክስ ትውጣለች። እሁድ ቤቷ ሄጄ ጋደም እንዳለች የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ 74። ቆማ ስቆጥር 96። «ስነሳ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ማን አስደንግጦኝ ነው?» አለችኝ። (ማዞርም ስላላት በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ሄደች። እኔ ተማሪ ነኝ፣ መድኃኒት አልነካም።)

ላዚክስ የሚሠራው የሄንሌ ቀለበት በሚባለው የኩላሊት ቱቦ ላይ ነው። ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ ይዞ ወደ ደም የሚመልሰውን ማጓጓዣ ይዘጋል። ጨው ካልተመለሰ ውኃም አይመለስም። ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት መመላለስ ነው።

ፈሳሹ ሲቀንስ አንገት ላይ ያሉት የግፊት ጠባቂ ነርቮች ነገሩን ይሰማሉ። እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር። ደብተሬ ላይ «ይጮኻሉ» ብዬ ቀስት ስዬ ነበር። ለካ ግፊት ሲወርድ ዝም ነው የሚሉት! አንጎል የሚደነግጠው በዝምታቸው ነው። ኖርአድሬናሊን የሚባለው የድንጋጤ ኬሚካል ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ሥር ይጠባል። ደም እየፈሰሰ ይሁን ክኒን ተውጦ፣ ሰውነት አይለይም። ኩላሊትም ሬኒን የሚባል ኢንዛይም ይረጫል፤ ሬኒን በሚያስነሳው አንጂዮቴንሲን በተባለ ሆርሞን በኩል መልእክቱ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፋው አድሬናል ዕጢ ይደርሳል፤ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ይወጣና ጨው መልሶ ይይዛል። መድኃኒቱ ይጎትታል፣ ሰውነት ይጎትታል።

በጣም የገረመኝ ግን ማኩላ ዴንሳ ነው። እነዚህ ሴሎች ቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን ጨው ይቀምሳሉ። የሚቀምሱት ግን ላዚክስ በሚዘጋው በዚያው ማጓጓዣ ነው። ስለዚህ ጨው በጎርፍ እያለፈባቸው «ጨው የለም» ብለው ሬኒን ያስለቅቃሉ። ምላሳቸው ደንዝዟል ማለት ነው። እኔ ይህን ሦስቴ አነበብኩት።

ስፓይሮኖላክቶን የሚባለው ሌላው የሚያሸና መድኃኒት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ የአልዶስቴሮንን መቀበያ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ራልስ በተባለው ጥናት፣ ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞትን 30 በመቶ ቀንሷል። ታዲያ ያ መቀበያ የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲሶልንም ይቀበላል። ኩላሊት ውስጥ ኮርቲሶልን እየቀየረ የሚያባርር ኢንዛይም በር ላይ ቆሟል። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ግን ይህ ዘበኛ ስለማይገኝ ኮርቲሶል ይገባል፤ ገብቶም «በቃ፣ ተረጋጋ» የሚለውን ምልክት ያግዛል። መቀበያው ሲዘጋ ኮርቲሶል ከፍ ሊል ይችላል። የሚያሸና መድኃኒት ብዬ ገብቼ አንጎል ውስጥ ወጣሁ!

አክስቴ አሁን ከመቆሟ በፊት አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ትላለች። የፊታችን እሁድ እንደገና እቆጥርላታለሁ።